ተማሪው ተመርቋል፣ መንግሥት ግን አይቀጥርም፦ የአገልግሎት ስኮላርሺፕ ዕዳ በማን ላይ ይውደቅ?

ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ለማመን የሚከብድ ነገር እየሆነ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) መንግሥት የትምህርት ክፍያቸውን ከፍሎ፣ የቤት ኪራያቸውን ሳይቀር ችሎ ሳይበርኮርፕስ በተባለ ስኮላርሺፕ ያስተማራቸው የሳይበር ደኅንነት ተማሪዎች ተመርቀዋል። የፈረሙት ውል ሲጨርሱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲያገለግሉ ያስገድዳቸዋል። እነሱም ለማገልገል ዝግጁ ናቸው። ቅጥር ያቆመው ራሱ መንግሥት ነው። ሆኖም ውሉ ሥራ ያጣውን ተማሪ እንጂ ያልቀጠረውን መንግሥት አይቀጣም። ቀነ ገደቡ ካለፈ የተሰጠው ገንዘብ ወደ ብድር ይቀየራል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ። በአካባቢው ካሉ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ጆርጅ ዋሽንግተንና የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ ያሉት ይህን ስኮላርሺፕ ሲሰጡ ኖረዋል። ልጆቻቸው ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩላቸው ወላጆች ሲያወሩ ታዲያ ሁለት ጫፍ የያዘ አስተያየት ይሰማል። አንዱ «ነፃ ትምህርት ነው፣ ምን ያመነታል?» ይላል። ሌላው «ወጥመድ ነው፣ እንዳትነካው» ይላል። ሁለቱም የውሉን ዝርዝር ያዩ አይመስሉም። ሥራ ካለ ይህ ስኮላርሺፕ የሚገርም ዕድል ነው። ሥራ ከሌለ ግን ከተራ የትምህርት ብድር የባሰ ሊሆን ይችላል። ሥራ መኖር አለመኖሩ ደግሞ በተማሪው እጅ አይደለም።

## ውሉ ምን ይላል?

ስቴም የሚባለው የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ትምህርቶች የጋራ መጠሪያ ነው። በእነዚህ መስኮች የአሜሪካ መንግሥት በአገልግሎት የሚመለስ ስኮላርሺፕ ከሚሰጥባቸው ፕሮግራሞች በስፋት የሚታወቀው ሳይበርኮርፕስ ነው። ፕሮግራሙን የሚመራው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ነው። የፌዴራሉ የሰው ኃይል አስተዳደር ቢሮና የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አብረውት ይሠራሉ።

የሚሰጠው ገንዘብ ቀላል አይደለም። የትምህርት ክፍያው ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል። ከዚያ በላይ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በዓመት 27,000 ዶላር፣ ለማስተርስና ለዶክትሬት ተማሪ ደግሞ 37,000 ዶላር ለኑሮ ይሰጣል። ይህ ስታይፔንድ ይባላል። ለኮንፈረንስ፣ ለመጽሐፍ፣ ለሙያ ፈተናና ለመሳሰሉት ደግሞ በዓመት እስከ 6,000 ዶላር አለ። ድጋፉ እስከ 3 ዓመት ሊደርስ ይችላል።

በምላሹ ተማሪው ስኮላርሺፑን የወሰደበትን ያህል ጊዜ ያገለግላል። 2 ዓመት ከተከፈለለት 2 ዓመት ይሠራል። አብዛኞቹ ተመራቂዎች በፌዴራል መሥሪያ ቤት እንዲቀጠሩ ሕጉ ይጠብቃል። በክልል፣ በከተማና በአካባቢ መስተዳድር እንዲሁም በማስተማር ማገልገልም ይፈቀዳል። ለእነዚህ የተተወው ድርሻ ግን የተወሰነ ነው።

ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሥራውን የሚፈልገው ተማሪው ራሱ ነው። መንግሥት የሥራ ትርዒት ያዘጋጃል፣ ሲቪ የሚለጠፍበት ድረ ገጽ አለው፣ ዩኒቨርሲቲውም ያማክራል። ወንበሩን ግን ማንም አያስይዝለትም። ከተመረቀ በኋላ ያለው ጊዜ 18 ወር ነው። በዚያ ውስጥ ካልተቀጠረ ገንዘቡ ወደ ፌዴራል የትምህርት ብድር ይዞራል። ይህ ብድር መንግሥት ወለዱን የማይሸፍንለት ዓይነት ነው። ሥራ ጀምሮ አንድ ዓመት ሳይሞላው የወጣ ደግሞ የሚጠየቀው ሙሉውን ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ከሠራ ያገለገለው ጊዜ ታስቦ ይቀነስለታል።

በቁጥር እንየው። አንድ የማስተርስ ተማሪ 2 ዓመት ተማረ እንበል። ስታይፔንዱ ብቻ 74,000 ዶላር ነው። የሙያ ድጎማውን ሙሉ ከተጠቀመ 12,000 ይጨመራል። የትምህርት ክፍያው ሳይቆጠር 86,000 ዶላር ደረሰ ማለት ነው። የግል ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ድምሩ ከዚህ በብዙ ያልፋል። ዕዳው ገብስ አይደለም።

ከተራ ብድር የባሰ ሊሆን ይችላል ያልኩትም ለዚህ ነው። ተበድሮ እንደሚማር የሚያውቅ ልጅ ይቆጥባል። ከወላጆቹ ጋር ይኖራል፣ ክፍያው ዝቅ ያለ ኮሌጅ ይመርጣል፣ ማታ ማታ ይሠራል። ስኮላርሺፕ አገኘሁ ያለ ልጅ ግን በድጎማው ቤት ይከራያል፣ ክፍያው ውድ የሆነ ትምህርት ቤት ቢገባም አያስጨንቀውም። የተነገረው ስጦታ መሆኑ ነውና። ለኑሮ በወሰደው ስታይፔንድ ላይ ግብር ሲከፍልም ቆይቷል፤ በአሜሪካ ሕግ ለኑሮ የሚውል የስኮላርሺፕ ገንዘብ እንደ ገቢ ይቆጠራል። ያ ሁሉ ሲያበቃ ገንዘቡ ብድር ነበር ይባላል።

ሁሉም ፕሮግራም ግን እንዲህ አይደለም። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ስማርት የተባለ ስኮላርሺፕ አለው። እዚያ ተማሪው ገና ሲመረጥ የሚያገለግልበት ቤተ ሙከራ ወይም ተቋም አብሮ ይመደብለታል። ክረምት ላይ ለልምምድ የሚሄደውም እዚያው ነው። የማገልገል ግዴታው ተመሳሳይ ቢሆንም ሥራ የማፈላለጉን ሸክም የወሰደው መንግሥት ነው። ሁለቱን ፕሮግራሞች «ያው የመንግሥት ስኮላርሺፕ» ብሎ አንድ ላይ መደመር ትልቁን ልዩነት መዝለል ይሆናል።

## ሐሳቡ ከየት መጣ?

መንግሥት ለምን ዝም ብሎ ባለሙያ አይቀጥርም? መልሱ ደመወዝ ነው። የሳይበር ባለሙያ በቨርጂኒያዋ አርሊንግተን ውስጥ ካለ የቴክኖሎጂ ኩባንያ የሚያገኘውን ክፍያ የፌዴራል የደመወዝ እርከን አይደርስበትም። ወጣቱም ወደ መንግሥት አይሄድም። ከፌዴራል ሠራተኞች ውስጥ ዕድሜያቸው ከ30 በታች የሆኑት 10 በመቶ አይሞሉም። ስለዚህ መንግሥት ባለሙያውን ገና ተማሪ ሳለ፣ ገንዘብ በሚያስፈልገው ጊዜ ይይዘዋል። በኋላ የማይችለውን የደመወዝ ፉክክር በስኮላርሺፕ ያልፈዋል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ሶቭየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክን ስታመጥቅ አሜሪካ ደነገጠች። በማግሥቱ ዓመት የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ ወጣ። በዚያ ሕግ ተማሪው የሚያገኘው ብድር ነበር። መምህር ከሆነ ግን ባስተማረ ቁጥር በዓመት 10 በመቶ፣ ሲበዛ እስከ ግማሹ ድረስ ይሰረዝለታል። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ ተማሪው ከመጀመሪያው ጀምሮ ብድር መውሰዱን ያውቅ ነበር። የማገልገል ዕድል ቢያጣ የባሰ ነገር አይመጣበትም። ካገኘ ይጠቀማል። የዛሬው አሠራር ተገልብጧል። መጀመሪያ ስጦታ ነው ይባላል፣ ቆይቶ ወደ ዕዳ ይዞራል። በወረቀት ላይ ሒሳቡ ተቀራራቢ ሊመስል ይችላል፣ የሰውን ውሳኔ የሚመራው ግን የመጀመሪያው ስያሜ ነው።

ሳይበርኮርፕስ በ2000 አካባቢ ተጀመረ። በ2014 በወጣው ሕግ ጠንከር ያለ መሠረት አገኘ። ለብዙ ዓመታትም ያለ ትልቅ ኮሽታ ሠርቷል። መንግሥት የሳይበር ባለሙያ እጥረት ስለነበረበት ተመራቂ ሲመጣ ይሻማው ነበር። 18 ወር በቂ፣ እንዲያውም ትርፍ ጊዜ ነበር።

## 2025 ምን ለወጠ?

ጥር 20 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የፌዴራል ሲቪል ቅጥር እንዲቆም አዘዙ። እገዳው መጀመሪያ ለ90 ቀን ነበር። ከዚያ እስከ ሐምሌ 15፣ ቀጥሎም እስከ ጥቅምት 15 ተራዘመ። ጥቅምት 15 ላይ ደግሞ አዲስ ትእዛዝ ወጣ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ቅጥርን የሚያጸድቅ ኮሚቴ እንዲያቋቁም ይጠይቃል። አስተዳደሩ የያዘው መርሕ 4 ሰው ሲለቅ 1 ሰው መቅጠር የሚል ነው። ለአገር ደኅንነት፣ ለኢሚግሬሽን ቁጥጥርና ለሕዝብ ደኅንነት የሚሆኑ የሥራ መደቦች ከእገዳው ነፃ ሊሆኑ እንደሚችሉ ተገልጿል። የሳይበር ሥራ ሁሉ ግን በቀጥታ እዚያ ውስጥ አይገባም። የትኛው መደብ ይገባል የሚለውን የሚወስነው የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው።

በዚሁ ዓመት ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 12 ድረስ ለ43 ቀናት የፌዴራል መንግሥት ራሱ ተዘግቶ ነበር። ሰው ኃይል ክፍሎች ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ የተማሪው 18 ወር ግን አልቆመም።

ከቅጥር እገዳው በላይ የጎዳው ሌላም ነገር አለ። የአሜሪካን የሳይበርና የመሠረተ ልማት ደኅንነት የሚጠብቀው ኤጀንሲ፣ ሲሳ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው፣ በ2025 ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋ ሠራተኛውን አጥቷል። የሳይበርኮርፕስ ተመራቂ ለመሥራት ከሚያልማቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነበር። ከእሱና ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች የወጡት ልምድ ያላቸው ሰዎች ሥራ ፍለጋ ላይ ናቸው። የክልል መስተዳድር አንድ ክፍት ቦታ ሲያወጣ የሚያመለክተው አዲስ ተመራቂ ብቻ አይደለም። 10 ዓመት የሠራ ባለሙያም ከጎኑ ይሰለፋል።

የሙከራ ጊዜ ላይ የነበሩትም አልተረፉም። በየካቲት 2025 በሺዎች የሚቆጠሩ በሙከራ ቅጥር ላይ ያሉ የፌዴራል ሠራተኞች ተሰናብተዋል። አንዳንዶቹን ፍርድ ቤት አስመልሷቸዋል። የሙከራ ጊዜ ማለት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው አንድ ዓመት ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላ የወጣ ተመራቂ ደግሞ ግዴታውን አልተወጣም። ሌላ የመንግሥት ሥራ ፈልጎ መቀጠል አለበት። ካላገኘ ዕዳው ያው ሙሉው ነው። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀና ያለ ጥፋቱ የተሰናበተ ሰው በአንድ ሚዛን እንዳይመዘኑ ውሉ ውስጥ ጠንካራ ጥበቃ አልተቀመጠም።

ጊዜ እንዲራዘምለት መጠየቅ ይቻላል። ማራዘም ግን ቀኑን እንጂ ዕዳውን አያነሣም። በዚያ መሐል ተመራቂው ደኅና ደመወዝ ያለው የግል ሥራ ቢያገኝ ይያዘው ወይስ መንግሥትን ይጠብቅ? የትኛውንም ቢመርጥ የሚከፍለው ነገር አለ።

## «ፈርሟል፣ ይክፈል» የሚለው ክርክር

ይህን ሐሳብ የሚያነሱ ሰዎች ከንቱ ነገር አይደለም የሚሉት። ገንዘቡ የግብር ከፋዩ ነው። ተማሪው አዋቂ ሰው ነው፣ ውሉን አንብቦ ፈርሟል። ሥራ የማግኘት ኃላፊነቱ የእሱ መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። መንግሥት የማያስፈልገውን ሰው ስኮላርሺፕ ስለሰጠው ብቻ ይቅጠር ማለትም ሌላ ብክነት ነው። በሌሎች ፕሮግራሞች ያለው ቅጣትም ከዚህ የከፋ ነው ይላሉ። እውነትም በብሔራዊ የጤና አገልግሎት ኮርፕስ ስኮላርሺፕ ተምሮ ግዴታውን የጣሰ ሐኪም የሚጠየቀው ከነወለዱ 3 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ሲንጋፖርም በመንግሥት ስኮላርሺፕ የተማሩትን ከ4 እስከ 6 ዓመት በውል ታስራለች፣ ለሚያፈርሱትም አትራራም።

ንጽጽሩ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሐኪሙ የሚቀጣው ብዙ ጊዜ ሊሠራበት የሚችል ቦታ እያለ ግዴታውን ሲተው ነው። በሲንጋፖርም ተመራቂውን መንግሥት ወንበር ይዞ ይጠብቀዋል። ውል አፍራሹ ተማሪው ነው። በሳይበርኮርፕስ ላይ ዛሬ የሆነው ሌላ ነው። ተማሪው የድርሻውን ለመወጣት በሩ ላይ ቆሟል፣ በሩን የዘጋው ደግሞ ዕዳውን የሚጠይቀው አካል ነው።

በተራ የውል አስተሳሰብ አንድን ስጋት መሸከም ያለበት ስጋቱን ሊቆጣጠረው የሚችለው ወገን ነው። ተማሪው ሊቆጣጠራቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። ትምህርቱን መጨረስ፣ በጊዜ ማመልከት፣ ሩቅ ከተማም ቢሆን ሄዶ መሥራት የእሱ ድርሻ ናቸው። በእነዚህ ቢያጎድል ይጠየቅ። የፌዴራል ቅጥር መቆሙ ግን በአንድ ፊርማ የተወሰነ የመንግሥት ውሳኔ ነው። ውሳኔው ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። አንድ አስተዳደር የሠራተኛ ቁጥር መቀነስ መብቱ ነው። ዋጋውን የ23 ዓመት ተመራቂ ይክፈል ማለት ግን ከዚያ መብት አይመነጭም።

ከኢኮኖሚ ባለሙያዎች በኩል የሚነሳ ሌላ ትችት አለ። እንዲህ ያለ ውል በጣም የሚያስረው ድሃውን ነው። ወላጆቹ አቅም ያላቸው ተማሪ ነገሩ ካላማረው ከፍሎ ይወጣል፣ ወይም መጀመሪያውኑ አይፈርምም። አቅም የሌለው ግን ይፈርማል፣ ስጋቱንም እሱ ይሸከማል። ስለዚህ ስኮላርሺፑን ትቶ ደመወዙን ማሳደግ ይሻላል የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ሚዛን ይደፋል። ነገር ግን ደመወዝ ማሳደግ ትምህርት ቤት መግቢያ ያጣውን ልጅ አይረዳውም። እሱን የሚረዳው አስቀድሞ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። እንደ እኔ እምነት ስኮላርሺፑ መቅረት የለበትም። መስተካከል ያለበት ስጋቱ የተከፋፈለበት መንገድ ነው።

## መምህራኑ ላይ የደረሰው

ስጦታ ወደ ብድር ሲዞር ምን እንደሚመጣ ከዚህ በፊት ታይቷል። ቲች ግራንት የሚባለው ድጋፍ በ2008 ተጀመረ። ሒሳብ፣ ሳይንስና የመሳሰሉ መምህር የሚያንስባቸውን ትምህርቶች፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አካባቢዎች ለማስተማር ቃል ለሚገቡ ተማሪዎች በዓመት እስከ 4,000 ዶላር ይሰጣል። ግዴታው በ8 ዓመት ውስጥ 4 ዓመት ማስተማር ነው። የትምህርት ሚኒስቴሩ ያስጠናውና በ2018 የወጣው ጥናት ከሐምሌ 2014 በፊት ከጀመሩት ተጠቃሚዎች የ63 በመቶዎቹ ድጋፍ ወደ ብድር መቀየሩን አሳየ።

እነዚህ ሁሉ ግዴታቸውን የረሱ ሰዎች አልነበሩም። ብዙዎቹ በሚፈለገው ትምህርት ቤት እያስተማሩ ነበር። ያጠፉት በየዓመቱ የሚሞላውን ቅጽ ማዘግየት ወይም ፊርማ መርሳት ነው። ቅጹ በጥቂት ቀን ቢዘገይም ድጋፉ ወደ ብድር ይዞር ነበር፤ ከዞረ በኋላ ደግሞ መመለሻ አልነበረውም። ነገሩ በጋዜጠኞች ከተጋለጠ በኋላ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሚኒስቴሩ ስሕተቱን የሚያርምበት መንገድ ከፈተ። አገልግሎታቸውን ማሳየት የቻሉ መምህራን ብድሩ ተነሥቶላቸው ድጋፉ ተመለሰላቸው። ከዚህ ሁለት ነገር ይታያል። እንዲህ ያለው ውሳኔ በፖለቲካ ጫና ሊቀለበስ ይችላል። እስኪቀለበስ ግን ዓመታት ይፈጃል፣ በዚያ መሐል ወለድ ይቆጠራል፣ ሰው ቤት የሚገዛበት የብድር ታሪኩም ይጎዳል።

## ለእኛ ማኅበረሰብ ልጆች ያለው ተጨማሪ ውጣ ውረድ

በዲቪ ወይም በቤተሰብ መጥተው ግሪን ካርድ ላይ ያሉ ልጆች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሳይበርኮርፕስ ዜጋ ያልሆነ ቋሚ ነዋሪም ይቀበላል። አብዛኛው የፌዴራል ሲቪል ሥራ ግን የሚፈቀደው ለዜጋ ነው። ስኮላርሺፑን ለመውሰድ ግሪን ካርድ ይበቃል፣ ግዴታውን ለመወጣት ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ዜግነት ለማመልከት በተለምዶ በግሪን ካርድ 5 ዓመት መኖር ያስፈልጋል። አንድ ልጅ ሲፈርም በግሪን ካርድ 2 ዓመት ብቻ የኖረ ከሆነ፣ ሲመረቅ ዜግነቱ ይደርስለታል ወይ ብሎ አስቀድሞ መቁጠር አለበት። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ ደግሞ ይህ ለቤተሰብ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ቀጥሎ ክሊራንስ አለ። ክሊራንስ ምስጢራዊ መረጃ ለማየት የሚያስችል ፈቃድ ነው። ሁሉም ሥራ ባይጠይቀውም ብዙዎቹ የሳይበር መደቦች ይጠይቁታል። የሚሞላው ረጅም ቅጽ ኤስኤፍ 86 ይባላል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች እነማን ናቸው? ዜግነታቸው ምንድን ነው? ምን ያህል ትገናኛለህ? ባለፉት 7 ዓመታት ወዴት ተጓዝክ? ለውጭ አገር ዜጋ የገንዘብ ድጋፍ አድርገህ ታውቃለህ? ለአያቱ በየወሩ ብር የሚልክ ልጅ ይህን ሁሉ መጻፍ ይኖርበታል።

እዚህ ላይ የሚናፈሰው ወሬ ብዙ ሰው ያስፈራል። አገር ቤት ዘመድ መኖሩ ወይም ብር መላኩ በራሱ ሰውን ከሥራ አያስቀርም። መርማሪው የሚያየው በዚያ ግንኙነት ሰውየው ላይ ጫና ሊፈጠር ይችላል ወይ የሚለውን ነው። የሚያስቀረው መደበቅ ነው። በዚያ ቅጽ ላይ አውቆ መዋሸት በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ስለ አደንዛዥ ዕፅም ይጠየቃል። ማሪዋና በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ጫትም እንዲሁ። በውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ነገሮች ተርታ ነው። አገር ቤት ለእረፍት ሄዶ የቃመ ልጅ ነገሩን እንደ ጨዋታ ሊያየው ይችላል፣ ቅጹ ግን እንደዚያ አያየውም።

ይህ ሁሉ ምርመራ ወራት ይወስዳል። ከፍ ላለው ደረጃ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ውጭ አገር ብዙ ዘመድ ያለው ሰው የሚጣራበት ነገር ስለሚበዛ ሊዘገይ ይችላል። 18 ወሩ ግን ለሁሉም እኩል ነው። የቅጥር እገዳ ሲጨመርበት ስደተኛ ቤተሰብ ያለው ተመራቂ ከጓደኛው ያነሰ ጊዜ ይቀረዋል ማለት ነው።

## በአገር ቤት የምናውቀው

ኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር እንግዳ አይደለችም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1964 ጀምሮ ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር፤ አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር። በ2003 የወጪ መጋራት ደንብ ወጣ። ተመራቂው የምግብና የመኝታ ወጪውን፣ ከትምህርቱም የተወሰነውን ክፍል ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይመልሳል። መምህር ለሚሆኑትና ለመሰል ሙያዎች በአገልግሎት መክፈልም ተፈቅዷል።

የእኛው ደንብ አንድ ጥሩ ጎን አለው። ክፍያው ከገቢ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ደመወዝ የሌለው ሰው አይቆረጥበትም። ቅጣቱ በሌላ በኩል ይመጣል። ወጪ መጋራቱ እስኪያልቅ ኦሪጅናል ዲግሪው አይሰጠውም፣ በቴምፖራሪ ይቆያል። ለዶክትሬት ውጭ የሚላክ የዩኒቨርሲቲ መምህር ደግሞ ዋስ አቅርቦ ነው የሚፈርመው። ካልተመለሰ ዋሱ ይጠየቃል።

ከአሜሪካው ጋር በጣም የሚቀራረበው የሐኪሞቹ ታሪክ ነው። ለረጅም ጊዜ ሐኪም ሲመረቅ ዕጣ አውጥቶ ይመደብና ግዴታውን ጨርሶ ይለቀቅ ነበር። ከ2008 ጀምሮ 70 በመቶ የሚሆነው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ በተያዘው አቅጣጫ የሕክምና ትምህርት ቤቶችም ተማሪም በዙ። የበጀት መደብ ግን በዚያው ልክ አላደገም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐኪም ተመርቆ ሥራ መጠበቅ የተለመደ ሆኗል። የሕዝቡ የሐኪም ፍላጎት አልቀነሰም። የቀነሰው የመቅጠር አቅም ነው። አሜሪካም የሳይበር ባለሙያ እጥረት አለብኝ እያለች ተመራቂዎቿን ደጅ አስቀምጣለች። በሁለቱም ዘንድ ተማሪ ለማስገባት የሚወስነውና ለቅጥር በጀት የሚይዘው አካል የተለያየ ነው።

## ከዚህ በኋላ ምን ሊመጣ ይችላል?

አስተዳደሩ ለ2026 የብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በጀት ከ9 ቢሊዮን ወደ 3.9 ቢሊዮን ዶላር እንዲወርድ ጠይቆ ነበር። ይህ የአስተዳደሩ ጥያቄ እንጂ የኮንግረስ ውሳኔ አልነበረም። ሆኖም ፋውንዴሽኑ የሚያስተዳድረው ስኮላርሺፕ ከእንዲህ ዓይነቱ ግፊት ነፃ ሊሆን አይችልም። በሌላ በኩል በሐምሌ 2025 የተፈረመው ትልቁ የግብርና የወጪ ሕግ ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ለአዲስ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች የፌዴራል ብድርን በዓመት 20,500፣ በድምሩ 100,000 ዶላር ላይ ይገድባል። ለሕክምናና ለሕግ ዓይነት ሙያዎች ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። ብድር ሲጠብ ተማሪው ወደ አገልግሎት ስኮላርሺፕ ማየቱ አይቀርም። ስጋቱ በጨመረበት ሰዓት ፈላጊው ሊበዛ ነው።

ማስተካከያው ውስብስብ አይደለም። ተመራቂው በቂ ማመልከቻ ማስገባቱን ካሳየ፣ በቅጥር እገዳ ጊዜ 18 ወሩ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። ያለ ጥፋቱ የተሰናበተ ሰው ለሠራበት ጊዜ፣ ከአንድ ዓመት ቢያንስም፣ ተቀናሽ ሊታሰብለት ይችላል። ለክልልና ለከተማ መስተዳድር የተተወው ድርሻ ሊሰፋ ይችላል። የውኃ ድርጅቶች፣ የሕዝብ ሆስፒታሎችና የትምህርት ቤት ቢሮዎች በራንሰምዌር ሲጠቁ ኖረዋል። ራንሰምዌር ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ የኮምፒውተር ጥቃት ነው። እነዚህ ተቋማት የተማረ ሰው ቢያገኙ የሚጠቀመው ያው ግብር ከፋይ ነው። የሚከብደው ከዚህ አልፎ መንግሥት ካልቀጠረ ዕዳው ይሰረዝ ማለት ነው፤ እሱ የኮንግረስን ድምፅ ይፈልጋል። እኔ ግን ትክክለኛው እሱ ይመስለኛል። መንግሥት ስኮላርሺፕ ሲሰጥ የሚሰጠው ለሚቀጥረው ያህል ሰው እንዲሆን የሚያስገድደው ኪሳራው በራሱ ላይ ሲመጣ ብቻ ነው።

## አሁን ሊፈርም ላለ ተማሪ

ትምህርት ቤቱን በቀጥታ መጠየቅ የሚገባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ካለፈው ዓመት ተመራቂዎቻችሁ ስንቱ ሥራ ይዟል? የት? ሥራ ያላገኙት አሁን በምን ሁኔታ ላይ ናቸው? ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ቦታ አብሮ የሚመድብ ነው ወይስ ፍለጋው የተማሪው ነው? ብድር ቢሆን ወለዱ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? መልሱን በኢሜይል ማግኘት በአፍ ከመስማት ይሻላል።

ክረምት ላይ ለልምምድ የሚኬድበት መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ የወደፊት ቀጣሪ ስለሆነ፣ በቅጥር እገዳ ጊዜም መቅጠር የቀጠለውን ማፈላለግ ይጠቅማል። ክሊራንስ እዚያው ከተጀመረ ከተመረቁ በኋላ ወራት ያተርፋል። የሚቻል ከሆነ ስታይፔንዱን ሙሉ አለመጨረስና የተወሰነውን ለይቶ ማስቀመጥም ብልኅነት ነው።

የተፈረመበት ከሆነ ደግሞ መዝገብ መያዝ ያስፈልጋል። ያመለከቱበት ቀን፣ የመደቡ ቁጥር፣ የመጣው መልስ፣ ተሰጥቶ የተነጠቀ የቅጥር ደብዳቤ ካለ እሱም በአንድ ፋይል ይቀመጥ። ጊዜ ማራዘሚያ የሚጠየቀው በዚያ ማስረጃ ነው። ነገ ኮንግረስ ወይም ፍርድ ቤት ለእነዚህ ተመራቂዎች መፍትሔ ቢያበጅ፣ መጀመሪያ የሚጠየቁት ሥራ መፈለጋቸውን እንዲያሳዩ ነው።